ድምፁን ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ኮምፒውተር፦ ምርመራው ከየት ይጀመር?

ኮምፒውተራቸው ድምፁን እንዳሻው ከፍ ዝቅ የሚያደርግባቸው ሰዎች ወደ እኔ ሲመጡ አብዛኞቹ ፍርዱን ሰጥተው ነው። «ስፒከሩ ተቃጥሏል» ይላሉ፤ ወይም «ድራይቨሩ ተበላሽቷል» ይላሉ፤ ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ ከድምፅ ካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው። አንዳንዱማ ዊንዶውስን አጥፍቶ እንደገና ከጫነ፣ ግማሽ ፋይሉን ካጣ በኋላ ድምፁ ዛሬም እንደ ትናንቱ ነው ብሎ ይመጣል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስፒከሩ በእርግጥ የተቃጠለበት ሰው ጥቂት ነው፤ ድራይቨሩ የተበላሸበትም ከዚያ ብዙ አይበልጥም።

ለዘመድ፣ ለወዳጅና ለወዳጅ ዘመድ ኮምፒውተር ስጠግን የማልጥሰው ሕግ አንድ ነው። ድምፁ በሚወርድበት ቅጽበት የድምፅ መጠን ማሳያው ምን እንደሚሆን በዓይኔ ሳላይ አንድም ማስተካከያ አልነካም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሕግ ማብራሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ። ድምፅ ከፋይሉ ተነስቶ ጆሯችን እስኪደርስ ቢያንስ አምስት በሮች ያልፋል። የመጀመሪያው የማጫወቻው ወይም የድረ ገጹ የራሱ የድምፅ መቆጣጠሪያ ነው። ሁለተኛው ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻ የሚይዘው መጠን ነው። ሦስተኛው ሁላችንም የምናውቀው የኮምፒውተሩ ዋና መጠን ሲሆን፣ አራተኛው የድምፅ ካርዱ ሶፍትዌር በራሱ ፈቃድ የሚጨምራቸው «ማሻሻያዎች» ናቸው። አምስተኛው የስፒከሩ ወይም የጆሮ ማዳመጫው የራሱ ቁልፍ ነው። አንዱ በር ሲጠብብ ሌሎቹ አያውቁም፤ እኛ ግን የምንሰማው የአምስቱን ድምር ነው። ስለዚህ «ድምፁ ቀነሰ» የሚለው አቤቱታ ብቻውን ምንም አይነግረንም። የትኛው በር ላይ ቀነሰ?

መጀመሪያ በዓይን

ለፈተናው የማይለዋወጥ ድምፅ ያስፈልጋል። ሙዚቃ አይሆንም፤ ሙዚቃ በተፈጥሮው ይነሳል፣ ይወድቃል። ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚጫወት ነገርም አይሆንም፤ ድረ ገጹ የራሱን እጅ ያስገባልና። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ፣ አንድ ሰው በተረጋጋ ድምፅ ረጅም ጽሑፍ የሚያነብበት ቅጂ ካለ እሱ ተስማሚ ነው። አንዳንዶች «ቢ…ፕ» የሚል ያልተቋረጠ የሙከራ ድምፅ ይመርጣሉ። እኔ አልወደውም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ድምፅ ከግድግዳ እየተመለሰ ከራሱ ጋር ስለሚጋጭ፣ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይሆን ራስዎን ትንሽ ዘንበል ስላደረጉ ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይሰማል። ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማ።

ቅጂው እየተጫወተ ሁለት ነገር ይከፈት። አንደኛው በማያ ገጹ ታችኛ ጥግ ያለው የድምፅ ምልክት ነው፤ ሲጫኑት ከ0 እስከ 100 የሚለካው ማንሸራተቻ ይወጣል። ሁለተኛው አሮጌው የድምፅ መስኮት ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ሳውንድ» ገብተው ወደ ታች ሲወርዱ «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ» የሚለውን ያገኙታል። ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ በኮንትሮል ፓነል በኩል «ሳውንድ» ሲሉ ይኸው መስኮት ይከፈታል። «ፕሌይባክ» በሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ የሚያውቃቸው ስፒከሮችና ማዳመጫዎች ተደርድረዋል፤ ድምፅ እየወጣበት ካለው መሣሪያ ጎን አረንጓዴ መለኪያ ሲጨፍር ይታያል።

አሁን እጅዎን ሰብስበው ይጠብቁ። ድምፁ ሲወርድ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያያሉ። ማንሸራተቻው ራሱ ከተንቀሳቀሰ መጠኑን የሚቀይር አንድ አካል አለ፤ ቁልፍ ሊሆን ይችላል፣ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ማንሸራተቻው ባለበት ቆሞ አረንጓዴው መለኪያ ካጠረ፣ የሚቀንሰው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ሶፍትዌር ነው። ሁለቱም እንደ ነበሩ ሆነው ጆሮዎ ብቻ ለውጥ ከሰማ፣ ነገሩ በአብዛኛው ከመለኪያው ወዲያ ነው፦ የድራይቨሩ ማሻሻያ፣ ገመዱ፣ መሰኪያው ወይም ስፒከሩ።

አራተኛም አለ። በዚህ ቅጂ ምንም ለውጥ ካልሰሙና ችግሩ ከአንዱ ቪዲዮ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ብቻ ከመጣ፣ ኮምፒውተርዎ ጤነኛ ነው። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ማንሸራተቻው ራሱ ሲንቀሳቀስ

በዚህ ጊዜ ሰው ቫይረስ ይጠረጥራል። እኔ መጀመሪያ ኪቦርዱን እነቅላለሁ። የድምፅ መቀነሻ ቁልፍ ሥር የገባ ቆሻሻ፣ የፈሰሰ ሻይ ወይም ያረጀ ላስቲክ ቁልፉን ተጭኖ ሊይዘው ይችላል፤ ያኔ በማያ ገጹ ላይ የድምፅ ማሳያው ብቅ ብሎ ቁጥሩ ሳይቋረጥ ወደ 0 ይወርዳል። ማንም ሳይነካው ማሳያው ብቅ ካለ፣ ይህ ብቻውን የቁልፍ ነገር ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ኪቦርዱ ስለማይነቀል ቁልፉን ደጋግሞ ጫን ለቀቅ ማድረግና ዙሪያውን በታመቀ አየር መንፋት ይረዳል።

ጥቅል መቆጣጠሪያ (እየዞረች ድምፅ የምትጨምርና የምትቀንስ ትንሽ ጎማ) ያላቸው ኪቦርዶች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ጥቅሏን ወደ ላይ አንድ እርምጃ ስታዞሩ ቁጥሩ 42 የነበረው 44 ይሆናል፣ ወዲያው 40 ይላል፣ መልሶ 42። ከጥቅሏ ሥር ያሉት ጥቃቅን ብረቶች ሲቆሽሹ ኮምፒውተሩ አንዱን መዞር እንደ ሁለት፣ ወይም ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ እንደ ዞረ አድርጎ ያነበዋል። ኪቦርዱን ነቅሎ ጥቅሏን በሁለቱም አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ማሽከርከር አንዳንዴ ያድናታል። ካልዳነች ለኤሌክትሮኒክስ መገናኛዎች የተሠራ ማጽጃ ስፕሬይ ትንሽ ይረጭባት። በቤት ውስጥ ያለ ዘይት ግን አይሆንም፤ ለጊዜው አለስልሶ በኋላ አቧራ ይሰበስባል።

በጆሮ ማዳመጫው ገመድ ላይ የተንጠለጠለችው መቆጣጠሪያም፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ስፒከር ቁልፍም እንዲሁ ዋናውን ማንሸራተቻ ያንቀሳቅሳሉ። በንክኪ የሚሠራ ማዳመጫ ካለዎት ፀጉር ወይም ሻሽ ሲነካው ትእዛዝ የሰጡት ይመስለዋል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ሁሉንም ነቅሎ አንድ በአንድ እየመለሱ ማየት።

ብዙ ሰው የሚያመልጠው ግን ቁጥሩ በእርምጃ ሳይሆን በአንድ ዝላይ ሲቀየር ነው። ለምሳሌ 80 የነበረው በአንድ ጊዜ 24 ይሆናል። ይህን የሚያደርግ ቁልፍ የለም። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ማውጫ፣ ማለትም ድምፅ ለሚወጣበት ለእያንዳንዱ መሣሪያ፣ የየራሱን መጠን ያስታውሳል፤ ለላፕቶፑ ስፒከር 80፣ ለጆሮ ማዳመጫው 24 ብሎ ይዞ ከሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ቁጥሩም አብሮ ይዘላል። ሳታዝዙት ለምን ይሻገራል? የማዳመጫው መሰኪያ ላልቶ ሲወጣና ሲገባ፣ ብሉቱዝ ማዳመጫ ሲገናኝና ሲቋረጥ፣ ወይም በኤችዲኤምአይ ገመድ የተያያዘ ስክሪን ተኝቶ ሲነቃ። እንዲህ ከሆነ በ«ፕሌይባክ» ገጽ ላይ የማትጠቀሙባቸውን ማውጫዎች በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጭናችሁ «ዲስኤብል» በሏቸው፤ የምትፈልጉትን ደግሞ ነባሪ (ዲፎልት) አድርጉት። ስክሪኑ ስፒከር የሌለው ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ድምፁን ወደዚያ እየላከ የሚያደናግርበት ሁኔታም በዚሁ ይፈታል።

ማንሸራተቻው ቆሞ ድምፁ ሲሰምጥ

ከዚህ በታች ያለውን አንድ ማስተካከያ ብቻ አንብበው ቢያቆሙ አልቀየምም፤ ብዙውን አቤቱታ የዘጋልኝ እሱ ነውና።

ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ዊንዶውስ አንድ የቅንነት ሥራ ይሠራል። የስልክ ጥሪ ወይም የቪዲዮ ስብሰባ የተጀመረ ሲመስለው ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይቀንሳል። ማንም ሳይነካው የተቀመጠው ልክ 80 በመቶ ነው። ያም ማለት እየሰማችሁት ከነበረው ሙዚቃ አንድ አምስተኛው ብቻ ይቀራል። ዋናው ማንሸራተቻ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ተጠቃሚውን የሚያሳብደውም ይኸው ነው። ቁጥሩ 70 ላይ እንደ ተተከለ፣ ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የሚደውል ሰው ሙዚቃ አይረብሸው። ችግሩ ዊንዶውስ ጥሪ መኖሩን የሚያውቀው ፕሮግራሙ የመገናኛ ድምፅ መስመር ስለ ከፈተ ብቻ መሆኑ ነው። ስብሰባው አልቆ የብራውዘሩ ገጽ ሳይዘጋ ከቀረ፣ ወይም የጨዋታ ጓደኞች የሚነጋገሩበት ፕሮግራም ከበስተጀርባ ክፍት ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ «ጥሪ ላይ ነው» ብሎ ያምናል። ከታች በሰዓቱ አጠገብ ትንሽ የማይክሮፎን ምልክት ከታየች አንድ ፕሮግራም ማይክሮፎኑን ይዟል ማለት ነው፤ ማውሱን ብትወስዱባት የያዘውን ፕሮግራም ስም ትነግራችኋለች።

ማጥፊያው በዚያው በአሮጌው የድምፅ መስኮት የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው፤ ስሙ «ኮሙኒኬሽንስ» ይባላል። አራት ምርጫዎች አሉት፦ ሌላውን ድምፅ ጨርሶ መዝጋት፣ በ80 በመቶ መቀነስ፣ በ50 በመቶ መቀነስ፣ ምንም አለማድረግ። የመጨረሻውን፣ «ዱ ናቲንግ» የሚለውን ይምረጡና «ኦኬ» ይበሉ። አንዳንድ የመነጋገሪያ ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ዲስኮርድ፣ የዚሁ ዓይነት የራሳቸው ማስተካከያ ስላላቸው ዊንዶውስ ላይ አጥፍታችሁ ችግሩ ከቀጠለ የፕሮግራሙንም የድምፅ ገጽ ተመልከቱ።

ከዚሁ ጋር «ቮልዩም ሚክሰር» የሚባለውን ክፈቱ። እዚያ እያንዳንዱ ክፍት ፕሮግራም የራሱ ማንሸራተቻ አለው። አንድ ቀን ብራውዘሩን 15 ላይ አውርዳችሁ ከሆነ እሱ አይረሳም፤ እናንተ ግን ትረሳላችሁ። «ሌላው ሁሉ ይጮኻል፣ ብራውዘሩ ብቻ ይንሾካሾካል» የሚል አቤቱታ ሲመጣ ከዚህ ሌላ አልፈልግም።

«ማሻሻያ» የተባለው

አሁን ደግሞ መለኪያው ሳይሆን ጆሮ ብቻ የሚይዘው ይመጣል። አንድ የፊልም ትዕይንት ይመልከቱ፦ ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው ይነጋገራሉ፣ በሩ «ጓ!» ብሎ ይዘጋል፣ ንግግሩ ይቀጥላል። ከበሩ በኋላ ያለው ንግግር መጀመሪያ ሰምጦ ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት ከወጣ፣ ንግግሩ ሲቆም ደግሞ የክፍሉ ሹክሹክታና የማቀዝቀዣ እሽታ እየጎላ ከመጣ፣ በመሃል የተቀመጠ ድምፅ አስተካካይ አለ። ጮኸ ሲለው ይጫናል፣ ዝም ሲለው ያነሳል። በዊንዶውስ ውስጥ ስሙ «ላውድነስ ኢኩዋላይዜሽን» ነው። ላፕቶፕ አምራቾች ደግሞ ዶልቢ፣ ዲቲኤስ ወይም ማክስኦዲዮ የሚባሉ የራሳቸውን ፕሮግራሞች አስቀድመው ይጭናሉ፤ ትንሿን ስፒከር ትልቅ ለማስመሰል ብዙ ይደክማሉ።

ዊንዶውስ 11 ላይ በ«ሳውንድ» ገጽ የሚጠቀሙበትን ስፒከር ሲጫኑ «ኦዲዮ ኢንሃንስመንትስ» የሚል መስመር አለ፤ «ኦፍ» ያድርጉት። ዊንዶውስ 10 ላይ በአሮጌው መስኮት ስፒከሩን ሁለቴ ተጭነው «ኢንሃንስመንትስ» በሚለው ገጽ ሁሉንም የሚያጠፋውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። የአምራቹን ፕሮግራም ግን ለብቻው ከፍቶ ማጥፋት ያስፈልጋል። አንዱ ጠፍቶ ሌላው ቢቀር ችግሩ ግማሹን ይቀጥላል፤ ሁለቱም በርተው በአንድ ድምፅ ላይ ሲጫወቱ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

ይህን ስል ማስተካከያው ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ሌሊት ሰው በተኛበት ቤት ፊልም ለሚያይ፣ ወይም ንግግር መለየት ለሚያስቸግረው አረጋዊ «ላውድነስ ኢኩዋላይዜሽን» ትልቅ እረፍት ነው። ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ግን ሊቋቋሙት የሚገባ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ተነስቶ እንዲያገሳ የተሠራውን ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቁመት ያደርገዋል።

ብሉቱዝ

የብሉቱዝ ማዳመጫ ሙዚቃ ሲያሰማ በአንድ መንገድ፣ ጥሪ ሲያስተናግድ በሌላ መንገድ ይሠራል። የመጀመሪያው ጥራት ያለው ባለሁለት ጎን ድምፅ ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። ማንኛውም ፕሮግራም የማዳመጫውን ማይክሮፎን የጠየቀ ዕለት ግንኙነቱ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል፦ የድምፁን ናሙና በሰከንድ 8 ሺህ ወይም 16 ሺህ ጊዜ ብቻ የሚወስድ፣ እንደ ድሮ ስልክ የታፈነ፣ በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት የሆነ ድምፅ። ለማነጻጸር፣ የሙዚቃ ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና ይይዛል። ሁለተኛው መንገድ የራሱ የድምፅ መጠን ስላለው ጥራቱ ብቻ ሳይሆን ጉልበቱም በአንዴ ይቀየራል።

ማዳመጫው አልተበላሸም፤ ማዳመጫ መቀየርም በአብዛኛው ዋጋ የለውም፣ አዲሱም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል። በስብሰባ ፕሮግራሙ ውስጥ ማይክሮፎኑን የላፕቶፑን የራሱን አድርጉት፤ ማዳመጫውን ለመስማት ብቻ ተጠቀሙበት። ያኔ ወደ ስልክ ድምፅ የሚወርድበት ምክንያት አይኖረውም። ድምፅ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ቃል የምትቆረጥባችሁ ከሆነ ደግሞ እሷ ሌላ ናት፤ ማዳመጫው ወይም የድምፅ ካርዱ ኃይል ለመቆጠብ ተኝቶ እስኪነቃ ነው።

ገመድና ቁልፍ

ገመድ ሲበላሽ የሚሰጠው ምልክት እንደ ፊርማ ግልጽ ነው፤ ሆኖም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ዘፈን ትከፍታላችሁ፤ መሣሪያዎቹ ከሩቅ ከዋሻ ውስጥ እንደሚመጡ ይሰማሉ፣ ዘፋኙ ግን የለም። አፉ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፣ ድምፁ ተውጧል። ገመዱን ትንሽ ስትነኩት ዘፋኙ ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ለሁለቱም ጎን የጋራ የሆነችው የመሬት ሽቦ ስትበጠስ ወይም መሰኪያው እስከ መጨረሻው ሳይገባ ሲቀር ነው። ያኔ ጆሮ የሚደርሰው የግራና የቀኙ ልዩነት ብቻ ይሆናል። ዘፋኙና ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጎን እኩል ስለሚቀመጡ ይሰረዛሉ፤ በአንዱ ጎን ብቻ ያለው ይቀራል። ይህን ከሰማችሁ ሴቲንግስ አትክፈቱ። መሰኪያውን «ቀጭ» እስኪል አስገቡት፤ ካልሆነ ገመዱን ቀይሩ።

የ3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳው ውስጥ ብናኝ ከተጠራቀመ መሰኪያው አልገባ ይላል። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ በደረቅ የእንጨት ስንጥር በጥንቃቄ አውጡት፤ መርፌና ሽቦ ውስጡን ያበላሻሉ። መሰኪያውን ራሱን በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

የስፒከሩ ማዞሪያ ሲዞር «ክርርር» የሚል ከሆነና አንዱ ጎን አንዳንድ ቦታ ላይ የሚጠፋ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው የካርቦን መንገድ ቆሽሿል ወይም ተበልቷል። ስፒከሩን ከግድግዳ ነቅላችሁ ማዞሪያውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግማችሁ አዙሩት፤ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል። ሽፋኑን መክፈት ግን ለሚያውቅ ሰው ይተው። የግድግዳ ኤሌክትሪክ በቀጥታ የሚገባበት ስፒከር ከተነቀለ በኋላም በውስጡ የሚጎዳ ኃይል ሊይዝ ይችላል።

ስፒከሩ ሲከፈት ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚደክም ከሆነ፣ ወይም ከባዱ ምት ሲመታ መብራቱ ጭልጭል ካለ፣ ኃይል ሰጪውን ጠርጥሩ። ቮልቱና የመሰኪያው አቅጣጫ አንድ የሆነ፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ሌላ አስማሚ ሰክቶ መሞከር ነገሩን ይለያል።

ልዩነቱ በቅጂዎቹ መካከል ሲሆን

ወደ አራተኛው መጣን። አንዱ ቪዲዮ ይጮኻል፣ ቀጣዩ ይንሾካሾካል። ይህ ጥፋቱ ቪዲዮዎቹን የቀረጹት ሰዎች ነው። ዘርፉ መድኃኒት መፈለግ ከጀመረ ቆይቷል፤ የድምፅን ጉልበት እንደ ሰው ጆሮ የሚለካ ዓለም አቀፍ መስፈርት በ2006 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፣ የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረትም በ2010 እ.ኤ.አ. ለቴሌቪዥን ስርጭት አንድ ወጥ ልክ አስቀምጧል። ኢንተርኔት ላይ ግን እያንዳንዱ መድረክ በራሱ ልክ ይሄዳል።

ዩቲዩብን በገዛ ዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቪዲዮው ላይ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጭናችሁ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ስትመርጡ ጥቁር ሰሌዳ ይከፈታል፤ ከመስመሮቹ አንዱ የድምፁን መጠን ይናገራል። መጨረሻ ላይ ያለው የዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ቁጥር ከ0 በላይ ከሆነ ቪዲዮው ከልኩ በላይ ስለሚጮኽ ዩቲዩብ ቀንሶታል። ከ0 በታች ከሆነ ቪዲዮው ደካማ ነው፤ ዩቲዩብ ደካማውን አያነሳም፣ እንዳለ ይተወዋል። ስለዚህ «-9 ዴሲቤል» የሚል ቪዲዮ ካያችሁ ኮምፒውተራችሁን አትውቀሱ። በማጫወቻው የጥርሳም ጎማ (የሴቲንግስ) ምልክት ውስጥ «ስቴብል ቮልዩም» የሚለውን ማብራት ለንግግር ቪዲዮዎች ይረዳል።

ፊልም ላይ ፍንዳታው ቤት እያናወጠ ንግግሩ ካልተሰማ አንድ ልዩ ምርመራ አለ። ብዙ ፊልሞች በስድስት መስመር ድምፅ ይቀረጻሉ፤ ንግግሩ በአብዛኛው በመካከለኛው መስመር ላይ ነው። ዊንዶውስ «ይህ ቤት ባለ5.1 (ባለስድስት) ስፒከር ነው» ብሎ ካመነና እናንተ ሁለት ስፒከር ብቻ ካላችሁ፣ መካከለኛው መስመር ወደሌለ ስፒከር ይላካል። በአሮጌው መስኮት ስፒከሩን መርጣችሁ «ኮንፊገር» ስትሉ ምርጫው ይመጣል፤ «ስቴሪዮ» አድርጉት። ቪኤልሲ ማጫወቻን የምትጠቀሙ ደግሞ ድምፁ ከ100 አልፎ እስከ 125 በመቶ እንደሚወጣ አስተውሉ፤ ከ100 በላይ ያለው ድምፁን እያነሳ ያቆሽሸዋል። ለፊልም ከእሱ ይልቅ በማጫወቻው ውስጥ ያለው፣ ከፍና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበው «ኮምፕረሰር» ይሻላል።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ

እናንተ የምትሰሙት ሳይሆን የእናንተ ድምፅ ለሌሎች ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ የስብሰባ ፕሮግራሙ ማይክሮፎኑን በራሱ እየቀየረ ነው። ዙም ላይ በድምፅ ገጹ «የማይክሮፎን መጠንን በራስ አስተካክል» የሚል ትርጉም ያለው ሳጥን አለ፤ ምልክቱን አንሱና መጠኑን በእጃችሁ ያዙ።

ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ሌላ ሥርዓት) ላይ ፐልስኦዲዮ የተባለውን የድምፅ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ፕሮግራም ድምፁን ሲያነሳ የኮምፒውተሩ ዋና መጠን አብሮ ሊነሳባቸው ይችላል። በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ «ፍላት ቮልዩምስ» የሚለውን «ኖ» ማድረግ ያስቆመዋል። ማክ ላይ ከብሉቱዙ ጉዳይ ሌላ መጀመሪያ የሚታየው በድምፅ ገጹ ላይ ያለው የግራና ቀኝ ሚዛን ነው፤ ከመሃል ወጥቶ ከተገኘ መልሱት።

ድራይቨርን እስከዚህ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ችግሩ ከአንድ ዝማኔ በኋላ በዕለቱ የጀመረ ከሆነ በ«ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ የድምፅ ካርዱን ከፍታችሁ «ሮል ባክ ድራይቨር» በሉ። ያ ካልተቻለ የአምራቹን ትታችሁ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ» የተባለውን ተራ ድራይቨር ምረጡ። ጌጣጌጡ ይቀራል፤ ጣጣውም አብሮ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተገኘ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሊኑክስን በፍላሽ ዲስክ ላይ ጭናችሁ ኮምፒውተሩን ከእሱ አስነሱ፤ ዲስካችሁን ሳይነካ ይሠራል። ያንኑ ቅጂ አጫውቱ። ድምፁ እዚያ ከፍ ዝቅ ሳይል ከሄደ ጥፋቱ ዊንዶውሳችሁ ውስጥ ነው፤ ምርመራውን ከላይ ጀምሩት። እዚያም ከፍ ዝቅ ካለ የተበላሸው ሶፍትዌሩ ሳይሆን የሚጨበጠው አካል (ሃርድዌሩ) ነው። ከራሱ ከኮምፒውተሩ የድምፅ ካርድ ጋር ከመታገል በዩኤስቢ የምትሰካ ጣት የምታህል የውጭ ድምፅ ካርድ ትቀላለች፤ ማዳመጫውን እሷ ላይ ሰክታችሁ፣ አሮጌውን «ዲስኤብል» ብላችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ።